አርባ አምስቱ ቀን

በፈረንጆች የልደት በዓልና በእኛ የልደት በዓል መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ጾመ ነቢያት ገና ሳይፈታ፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ቤት ገዝተው ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ተራቸው የደረሰ ሁሉ ከፖስታ ሣጥናቸው አንድ ደብዳቤ ያወጣሉ። ደብዳቤውን የሚልከው የግዛቱ የግምትና የግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ በላዩም የቤቱ የቀድሞ ግምትና አዲሱ ግምት ጎን ለጎን ሰፍረው፣ ባለቤቱ ቅር ቢለው በአርባ አምስት ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችል የሚገልጽ ቃል ይከተላቸዋል። ብዙ ሰው ግን ዓይኑ በትልቁ ቁጥር ላይ ስለሚያርፍ፣ ቁጥሩንም አይቶ ልቡ ስለሚደነግጥ፣ የቀረውን ሳያነብ ወረቀቱን አጥፎ ከመብራትና ከውኃ ሒሳብ ጋር ያኖረዋል።

በአንድ የክረምት እሑድ፣ ቅዳሴው አልቆ ምእመናን ለጸበል ጸዲቅ በተሰበሰቡበት ሰዓት፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ ክፈዪ ነው የሚሉኝ?» አሉኝ፣ ጣታቸውን ከአምስት መቶ ሺሕ ዶላር በላይ በሆነው ቁጥር ላይ አሳርፈው። «የለም እማማ፤ ይህ የሚከፈለው ገንዘብ አይደለም፤ ቤትዎ ቢሸጥ ይህን ያህል ያወጣል ብለው የገመቱት ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ገብቶ ያየው ሳይኖር እንዴት ተገመተ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ርቱዕ ጥያቄ ነው፤ የግዛቱም ሕግ ባለቤቱ ይህንኑ እንዲጠይቅ በር ከፍቶለታል። እኔ ግን የደብዳቤውን ቀን ስመለከት፣ ከተጻፈ ሃምሳ ሁለት ቀን ሆኖት አገኘሁት። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ በከንቱ ያለፈ አንድ ሳምንት ነው።

ስለ ቤት ግብር ሲነገር፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ይደባለቃሉ፤ አንደኛው ግምት ነው፣ ሁለተኛው ተመን ነው። ግምት ማለት ቤቱና የቆመበት መሬት ለገበያ ቢቀርቡ ያወጣሉ ተብሎ የተቆረጠላቸው ዋጋ ነው፤ ተመን ማለት ደግሞ ከዚያ ዋጋ በየመቶው ዶላር ላይ ለመንግሥት የሚከፈለው ድርሻ ነው፤ ግብሩም የሚወለደው ከሁለቱ መባዛት ነው። ነገር ግን ሁለቱን የሚወስኑት የተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ ወራትና በተለያየ ስፍራ ስለሆኑ፣ ስለ ግምቱ ያለውን ቅሬታ ወደ ተመን አውጪዎች፣ ስለ ተመኑ ያለውንም ወደ ገማቾች ይዞ የሚሄድ ሰው እውነት ቢኖረውም ሰሚ አያገኝም።

ለአገራችን ሰው ይህ ልዩነት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ አንድ ጋሻ መሬት ለም ከሆነ 15 ብር፣ ለም ጠፍ ከሆነ 10 ብር፣ ጠፍ ከሆነ 5 ብር እንዲከፈልበት ተደንግጎ ነበር። እንግዲህ አሥራ አምስቱ፣ አሥሩና አምስቱ ብር ተመኑ ሲሆን፣ መሬቱን ለም ወይም ጠፍ ብሎ መመደብ ግምቱ ነበር ማለት ነው። ጠፍ መሬቱ በመዝገብ ለም ተብሎ የሰፈረበት ባላገር ቢኖር፣ ክርክሩ ከአዋጁ ጋር ሳይሆን መሬቱ ያለ ስሙ ከተጻፈበት ምድብ ጋር ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሃያትስቪል ቤት ያለው ወገናችንም በዚህ ደብዳቤ ፊት የሚቆመው እንደዚያ ባላገር ሆኖ ነው፤ የተጠየቀው ቤቱ ለም ይሁን ጠፍ፣ ምድቡን እንዲመረምር ነው።

በሜሪላንድ ገማቹ ካውንቲው፣ ማለት በግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ ሳይሆን ግዛቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ በግዛቱ ያለውን ቤትና መሬት በሦስት ምድብ ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ሲሶ ስለሚገምት፣ እያንዳንዱ ቤት በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል፤ የሚፈለገውም ቤቱ በጃንዋሪ 1 ቀን የነበረው ዋጋ ነው። ገማቾቹ በአንድ ዓመት እጅግ ብዙ ቤቶችን መገመት ስላለባቸው ወደ እያንዳንዱ ሳሎን ገብተው ወለሉን ሊረግጡ፣ ጣሪያውን ሊያዩ አይችሉም፤ በመዝገብ የሰፈረውን የቤቱን ስፋት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የመታጠቢያ ክፍሉን ብዛት፣ ቤዝመንቱ ተሠርቶ ያለቀ መሆኑንና አለመሆኑን መሠረት አድርገው፣ በአካባቢው ከተሸጡት ቤቶች ዋጋ ጋር እያስተያዩ በጅምላ ያሰላሉ። የጅምላ ስሌት ለሰፈሩ በአማካይ ልክ ሊሆን ሲችል ለአንዱ ቤት ግን ይሳሳታል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውኃ የሚያስገባ ቤዝመንት፣ የተሰነጠቀ መሠረት፣ ሠላሳ ዓመት ሳይታደስ የኖረ ማድ ቤት ከመንገድ አይታይምና። ለእማማ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ ገብቶ ያየ የለም፤ ስለሌለም ውስጡን የሚያውቀው ሰው ቀርቦ እንዲናገር ሕጉ ይጠራዋል።

ግምቱ የጨመረ እንደ ሆነ ጭማሪው በአንድ ጊዜ አይወድቅም፤ በሦስቱ ዓመት ላይ እኩል ተከፍሎ ይገባል፤ የቀነሰ እንደ ሆነ ግን ቅናሹ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሙሉ ይታሰባል። ለምሳሌ 420,000 ዶላር ተገምቶ የነበረ ቤት ወደ 510,000 ዶላር ቢወጣ፣ የ90,000 ዶላሩ ጭማሪ ለሦስት ተከፍሎ፣ ግብሩ በመጀመሪያው ዓመት በ450,000፣ በሁለተኛው በ480,000፣ በሦስተኛው በ510,000 ዶላር ላይ ይሰላል። ይህ ለባለቤቱ በርኅራኄ የታሰበ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ዓመት ጭማሪ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ሰውን ያዘናጋል፤ ሰውየው «ይህችማ ምን አላት» ብሎ ይግባኙን ትቶ ይቀመጥና በሦስተኛው ዓመት ክብደቱ ሲሰማው፣ የይግባኙ ቀን ካለፈ ሁለት ዓመት ተቆጥሮ ያገኘዋል።

ወደ ተመኑ ስንመለስ፣ በአንድ የግብር ደብዳቤ ላይ የሚደመረው ተመን አንድ ብቻ አይደለም። ግዛቱ ራሱ ከየመቶ ዶላሩ ግምት 11.2 ሳንቲም ይወስዳል፤ ይህም በቦንድ የተበደረውን ዕዳ መክፈያ ነው። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ካውንቲው ሲሆን፣ በእርሱም ልጆቻችን የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ የእሳት አደጋ መከላከያው፣ ፖሊሱና ቤተ መጻሕፍቱ ይተዳደሩበታል። ቤቱ እንደ ሮክቪል ወይም እንደ ታኮማ ፓርክ የራሱ አስተዳደር ባለው ከተማ ክልል ውስጥ ሲሆን የከተማው ተመን ይጨመርበታል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ስሟ የገነነ ብትሆንም ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት የሌላት፣ በካውንቲው የምትተዳደር ስፍራ ስለሆነች የከተማ ተመን የለባትም። በሞንጎመሪ ካውንቲ ከዚህ ሌላ የቆሻሻ ማስወገጃና የዝናብ ውኃ ጥራት መጠበቂያ ክፍያዎች በዚያው ደብዳቤ ላይ ይታከላሉ፤ እነዚህን የግምት ይግባኝ አይነካቸውም።

የካውንቲው ተመን የሚቆረጠው በጸደይ ወራት ነው። በማርች አጋማሽ የካውንቲው አስተዳዳሪ በጀቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም ሕዝብን በግልጽ ጉባኤ ከሰማ በኋላ በሜይ ወር ይወስናል። የሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት 11 አባላት ያሉት ሲሆን፣ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2020 በድምፁ ባጸደቀው የቻርተር ማሻሻያ መሠረት ተመኑን ካለፈው ዓመት በላይ ከፍ ለማድረግ የሁሉም አባላት ድምፅ በአንድነት ያስፈልጋል። ይህ ትልቅ ልጓም ነው፤ አንባቢ ግን አንድ ነገር ልብ እንዲል እወዳለሁ፤ ተመኑ ባለበት ሳለ ግብሩ ሊያድግ ይችላል፤ የቤቶቹ ግምት ካደገ ያው የቀድሞው ተመን ካምናው የበለጠ ገንዘብ ያመጣልና። ይህ እንዳይሰወር፣ ግዛቱ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ካውንቲና ከተማ «ያምናውን ያህል ገቢ ለማግኘት የሚበቃችሁ ተመን ይህ ነው» ብሎ ቁጥሩን ያሳውቃል፤ ከዚያ ቁጥር በላይ መሰብሰብ የሚፈልግ አስተዳደርም ይህንኑ ለሕዝብ በማስታወቂያ ገልጾ ጉባኤ መጥራት አለበት። ከጎንደር ከተማ ጋር በእኅትማማችነት በተሳሰረችው በሞንጎመሪ ካውንቲ የሚኖረው ወገናችን በዚያ ጉባኤ ተገኝቶ ጥቂት ደቂቃ መናገር ሲችል፣ ሐሳቡን በሠርግና በለቅሶ ቤት ብቻ ሲገልጽ መኖሩ ያሳዝነኛል።

ግብሩ ከዓይን የሚሰወርበት ሌላም ምክንያት አለ። ቤቱን በሞርጌጅ የገዛ ሰው ግብሩን በአብዛኛው ራሱ አይከፍልም፤ ባንኩ በየወሩ ከሚቀበለው ላይ እስክሮው በሚባለው ሒሳብ ጥቂት ጥቂት እያስቀረ ቀኑ ሲደርስ ይከፍልለታል። ስለዚህ የወር ክፍያው በድንገት ከፍ ሲልበት ባንኩን ይወቅሳል፤ የጭማሪው ምንጭ ግን ምናልባት ከዓመት በፊት ሳያነበው ያጠፈው ያ ደብዳቤ ነው።

«ይግባኝ» የሚለው ቃላችን ነገሩን ራሱ ይተረጕመዋል፤ ነገሬ ይግባልኝ፣ ከአንዱ ዳኛ ወደ ሌላው ዳኛ ፊት ይድረስልኝ ማለት ነውና፤ አያቶቻችንም ከአጥቢያ ዳኛ ተነሥተው እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ «አቤት» ሲሉ የኖሩት በዚህ ቃል ነው። የሜሪላንዱም ሥርዓት ሦስት ደጃፍ አለው። ፊተኛው ደጃፍ የገማቹ መሥሪያ ቤት ራሱ ነው፤ ባለቤቱ ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ቅጽ ሞልቶ በአርባ አምስት ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ክርክሩንም በጽሑፍ ወይም በስልክ ወይም ፊት ለፊት ቀርቦ ማሰማት ይችላል፤ የሚከፈል ነገር የለም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ይህን ስብሰባ ብዙ ሰው እንደ ችሎት ፈርቶ ይሸሸዋል፤ እርሱ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ስለ አንድ ቤት የሚደረግ ጨዋታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የገማቹ ውሳኔ ካላረካው በሠላሳ ቀን ውስጥ በየካውንቲው ወደ ተቋቋመው፣ የግዛቱ ገዥ የሾማቸው ሦስት ሰዎች ወደሚያስችሉበት የይግባኝ ጉባኤ ይሄዳል፤ ከዚያም እንደ ገና በሠላሳ ቀን ውስጥ ጉዳዩን ከሥሩ አዲስ አድርጎ ወደሚሰማው ወደ ሜሪላንድ የግብር ፍርድ ቤት ይደርሳል።

የክርክሩ ሁሉ ልብ ግን ማስረጃው ነው። ባለቤቱ በቅድሚያ ገማቾቹ ስለ ቤቱ የያዙትን የመዝገብ ወረቀት ያለ ክፍያ ጠይቆ መቀበል፣ ተቀብሎም ቤቱን እየዞረ መስመር በመስመር ማመሳከር አለበት። ያልተሠራው ቤዝመንት እንደ ተሠራ ተጽፎ፣ ሁለት የነበረው መታጠቢያ ሦስት ተብሎ፣ የፈረሰው ዴክ እንዳለ ተቆጥሮ ቢገኝ፣ ይህ ክርክር የማያሻው ስሕተት ነው፤ ፎቶግራፍ ይበቃዋል። ቀጥሎ፣ ከጃንዋሪ 1 በፊት ባሉት ወራት በሰፈሩ የተሸጡትን፣ በስፋትና በዕድሜ የሚመስሉትን ሦስት አራት ቤቶች መፈለግ ነው፤ የሽያጩ ዋጋ በሕዝብ መዝገብ ስለሚገኝ ማንም ሊያየው ይችላል። በሦስተኛ ደረጃ የቤቱን ጉዳት በባለሙያ የጥገና ግምት ማስደገፍ ነው፤ «ጣሪያው አርጅቷል» ከማለት ይልቅ ጣሪያውን ለመቀየር ስንት እንደሚፈጅ በጽሑፍ ይዞ መቅረብ እጅግ ይበልጣል።

በዚያ ስፍራ የማይረቡ ነገሮችም አሉ። «ግብሩ በዛብኝ»፣ «ጡረተኛ ነኝ»፣ «በሦስት ዓመት ይህን ያህል መጨመር ግፍ ነው» ማለት እውነተኛ ኀዘን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ገማቹ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ፣ ቤቱ በዚያ ቀን ስንት ያወጣ ነበር የሚለው ስለሆነ፣ ስለ ኑሮ የሚነገረው ሁሉ ያልፈዋል። የቤታቸው ዋጋ እንዲቀነስ ሄደው ችግራቸውን ብቻ ተናግረው የሚመለሱ ወገኖች የሚጐዱት በዚህ ነው።

ድካሙ ምን ያተርፋል ለሚል፣ ከላይ ያነሣነውን ቤት እንደ ገና እንውሰድ። ለስሌት እንዲቀል የተመኑ ድምር ከመቶ ዶላር አንድ ዶላር ነው እንበል፤ ባለቤቱም ይግባኝ ብሎ 510,000 ዶላሩን ወደ 460,000 ዶላር አስቀነሰ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 167 ዶላር ያህል፣ በሁለተኛው 333 ዶላር ያህል፣ በሦስተኛው 500 ዶላር ይድንለታል፤ ድምሩ 1,000 ዶላር ነው። ለጥቂት ሰዓት ሥራና ለአንድ የስልክ ንግግር ይህ ጥቂት ዋጋ አይደለም።

ከይግባኙ ሌላ ኑሮን የሚያዩ ሁለት እፎይታዎች አሉ፤ የችግር አቤቱታ የሚሰማውም በእነርሱ በኩል ነው። ፊተኛው ሆምስቴድ የሚባለው ሲሆን፣ ሰው ራሱ በሚኖርበት ቤት ላይ ግብር የሚሰላበት ግምት በአንድ ዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይገታል፤ ካውንቲዎች ይህን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ስለሚችሉ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከ5 በመቶ አይበልጥም። ማመልከቻው ለአንድ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ ነው፤ ያልሞላው ግን አያገኘውም። ሁለተኛው በገቢ የሚለካው የቤት ባለቤቶች እፎይታ ነው፤ የቤተሰቡ ጠቅላላ የዓመት ገቢ ከ60,000 ዶላር ያልበለጠ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ሌላ ያለው የተጣራ ሀብት ከ200,000 ዶላር ያነሰ ሰው ሊያመለክት ይችላል። ይህኛው በየዓመቱ የሚሞላ ሲሆን የመጨረሻ ቀኑ ኦክቶበር 1 ነው፤ እስከ ኤፕሪል 15 ያመለከተ ግን ቅናሹ በጁላይ በሚመጣለት የግብር ደብዳቤ ላይ ተቀንሶ ይደርሰዋል። ታክሲ ነድተው፣ በሆቴልና በሆስፒታል ሌሊት ሠርተው ቤት የገዙ፣ ዛሬ በጡረታ የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ይህን መብት ሳያውቁ ሙሉውን ሲከፍሉ መኖራቸው በእኛ በልጆቻቸው ላይ የሚነገር ጕድለት ነው።

ነገሩ በባሕር ማዶ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአገራችንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የንብረት ግብር አዋጅ አጽድቋል፤ ግምት፣ ተመን፣ ቅሬታ የሚሉት ቃላት በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ቤት ላለው ሁሉ የዘወትር ቃላት መሆናቸው አይቀርም። ገማች ባለበት ሁሉ የሚሳሳት ገማች ይኖራል፤ ስለዚህ የይግባኙ ሥርዓት ከተመኑ ከፍታና ዝቅታ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ያነሣኋቸው እኒያ እናት ቀኑ ቢያልፋቸውም ተስፋቸው ፈጽሞ አልተዘጋም። የቤቱ ተራ ባልሆነባቸው ዓመታት ባለቤቱ ከጃንዋሪ 1 ቀጥሎ እስካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ድረስ ግምቱ እንዲታይለት ማመልከት ይችላልና፣ ለሚመጣው ዓመት ወረቀቱን ከልጃቸው ጋር ሆነን አዘጋጅተናል፤ የሆምስቴዱንም ቅጽ በዚያው ቀን ሞልተው ፈርመዋል። ቤዝመንታቸው በመዝገቡ ላይ ሙሉ በሙሉ የተሠራ ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ወርጄ ያየሁት ግን ባዶ ሲሚንቶና የማሞቂያ ቧንቧ ነው።

በዚህ ዓመት ተራችሁ የደረሰ አንባቢዎች፣ ደብዳቤውን ስታገኙ ከግምቱ በፊት በራስጌው የተጻፈውን ቀን ተመልከቱ። በዲሴምበር 28 የተጻፈ ደብዳቤ የሚዘጋው በፌብሩዋሪ 11 ነው፤ አርባ አምስቱ ቀን የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ዕለት ጀምሮ እንጂ እናንተ ከከፈታችሁበት ዕለት አይደለም።